ፋሲል ግቢ ታድሷል፤ ቀጣዩን ክረምት ማን ያሻግረዋል?

ሰኔ ሊገባ ሲል በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የተለመደ ሥራ አለ። አባወራው የቤቱን ክዳን ቀና ብሎ ያያል፤ ሣሩ የሳሳበትን ይደርባል፤ ቆርቆሮ ከሆነም የላላውን ምስማር መልሶ ይመታል። እማወራዋ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይዛ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ትመርጋለች። በቤቱ ዙሪያ የተደፈነው የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደብዳቤ ተጽፎለት ወይም በጀት ጸድቆለት አይደለም። ሳይታይ ክረምት የገባበት ቤት በመስከረም ምን ሆኖ እንደሚገኝ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

በከተማዋ እምብርት የቆመው ትልቁ ቤት ግን ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ አባወራ አላገኘም። ፋሲል ግቢ የነገሥታት መኖሪያ መሆኑ ካበቃ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡን የተቀበለው ብቻውን ነው። ግቢው በ2017 ዓ.ም. ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። የጎንደር ነዋሪም፣ ከወገራ ከደምቢያ ለገበያ የሚመጣው ገበሬም የግንቡን አዲስ ገጽታ በዓይኑ አይቷል፤ ብዙዎችም ደስ ብሏቸዋል። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም የጥገና ሥራ ትክክለኛ ፈተና የምረቃው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጡት አምስትና ስድስት ክረምቶች ናቸው። ስለዚህ አሁን ሊጠየቅ የሚገባው ግንቡ ምን ያህል አማረ የሚለው አይደለም። ዋናው ጉዳይ መጀመሪያ ለጉዳት የዳረገው ምክንያት ተወግዷል ወይ የሚለው ነው።

ለጉዳቱ መንስኤ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ጦርነት ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ መናገሻቸውን ሲያቀኑ፣ ለዘመናት በድንኳን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የኖረው ቤተ መንግሥት በአንድ ቦታ የሚረጋበትን ዘመን ከፈቱ። በአራት ማዕዘኑ ባለ ጉልላት ክብ ማማዎች የቆሙለት፣ ከከፍተኛው ማማው ጣና ሐይቅ የሚታይበት የፋሲለደስ ግንብ የዚያ ውሳኔ ምስክር ነው። ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት አስከተሉ። ቀዳማዊ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ ሠሩ፤ ከዚያም ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ እያሉ ቀጠሉ። ዛሬ 900 ሜትር በሚረዝም፣ 12 በሮች ባሉት የድንጋይ አጥር ውስጥ ጎብኚ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው የሚራመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ተርታ ብዙ ጊዜ የምንተርከው እንደ ክብር ዝርዝር ነው። ሌላ ነገርም ይነግረናል። የየዘመኑ ጉልበትና ሀብት ያዘነበለው የአባትን ቤት ወደ መጠበቅ ሳይሆን አዲስ ቤት ወደ መሥራት ነበር። እቴጌ ምንትዋብማ በግቢው ውስጥ ያላቸው ግንብ አልበቃ ብሏቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በቁስቋም ሌላ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። የሚሠራ ይወደሳል፤ ስሙ በዜና መዋዕል ይጻፋል። የሚጠግን ግን ስሙን የሚጽፍለት አያገኝም። ይህ ልማድ ከነገሥታቱ ጋር አብሮ ተቀብሯል የሚል ካለ፣ በየወረዳው ከተመረቁ በኋላ አንድ ሰው ዞር ብሎ ያላያቸውን የውሃ ተቋማትና የጤና ኬላዎች ይቁጠር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያየውን ጽፎ ትቷል። ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ አራት ደርብ እንደነበረ፣ በተለያየ ጊዜ በደረሰ ቃጠሎ አብዛኛው ክፍል እንደፈረሰ፣ ነገር ግን በታችኞቹ ሁለት ደርቦች አሁንም ሰው እንደሚኖር ይናገራል። ልብ ሊባል የሚገባው ዘመኑ ነው። ጎንደር ገና መናገሻ ናት፤ ንጉሥ በዙፋን ላይ አለ፤ ድርቡሽ አልመጣም፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር አልታሰበም። ቤቱ ግን ከላይ ወደ ታች መፍረስ ጀምሯል። ላይኛው ሲቃጠል ነዋሪው ወደ ታች ይወርዳል፤ የተቃጠለው ጣሪያ አይመለስም፤ በክረምት ውሃው ባልተከደነው ደርብ ላይ ይተኛል። አንድ ታላቅ ቤት እንዲህ ነው የሚሞተው። ጣሪያው ከተከፈተ በኋላ ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የተነገረ በመሆኑ ባጭሩ ይበቃል። የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ የዙፋን ስም ብቻ ይዘው ሲቀሩ ግቢውን የሚያድስ ገንዘብም ሥልጣንም ጠፋ። አፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዙረው በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስበዘበዙ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከዘመናት በኋላ የጣሊያን ወራሪ ጦር ግቢውን ለራሱ አገልግሎት አዋለው። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣ ድረስ በተካሄደው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ያወረዱት ቦምብ የግቢውን ግንቦች፣ ከሁሉም ይልቅ የኢያሱን ግንብ፣ ክፉኛ ጎዳ። ዛሬም ያ ግንብ ጣሪያ የለውም። በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበረ የሚነገርለት አዳራሽ ሰማይ ይታይበታል።

የጣሊያን ዘመን ግን ከቦምቡ ሌላ አንድ ነገር ትቶ ሄዷል። ይኸውም ሲሚንቶ ነው።

ጉዳዩ ለግንበኛ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ዛሬ ቤት የሚሠራ ሁሉ የሚጋራው ስለሆነ ዘርዘር ብሎ ማየት ይጠቅማል። የጎንደር ግንቦች የተሠሩት በጥቁር ድንጋይ ነው፤ በበርና በመስኮት ቅስቶች ላይ ቀላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ይገባል። ድንጋዮቹን ያያያዛቸው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፤ የተቃጠለው በውሃ ሲበርድ ይፈላል፣ ይፈረካከሳል፣ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ተዋህዶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ኖራ ቶሎ አይጠነክርም። ከአየሩ ውስጥ የሚፈልገውን እየሳበ በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ዝግታው ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ግን የኖራው ጥቅም ከዚሁ ባሕርይው ጋር የተያያዘ ነው። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ሲሰፋና ሲጠብ ኖራው አብሮት ይታዘዛል። በግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበትም በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። አባቶቻችን ግድግዳ ይተነፍሳል ቢሉ ኖሮ የተሳሳቱ አይሆኑም ነበር።

ሲሚንቶ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ፈጥኖ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ አይታዘዝም፣ አያስተነፍስም። ለአዲስ ሕንፃ ይህ በጎነት ነው። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ግን በውስጥ ያለውን እርጥበት ይዘጋበታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በሲሚንቶው ሳይሆን በድንጋዩ በኩል መውጣት ይጀምራል፤ የሟሟውን ጨው ይዞ ስለሚወጣም ድንጋዩ ከላዩ እየተላጠ ይረግፋል። በተለይ ያ ቀላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ይህን አይችልም። ስንጥቅም ቢመጣ ጠንካራው ሲሚንቶ ሳይሆን ድንጋዩ ይሰበራል። የተሠራው ጥገና ጸንቶ ይቆማል፤ የተጠገነው ቤት ግን ይጎዳል።

በጣሊያን ዘመን በፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ የገባው ሲሚንቶና ብረት የተሸከመ ኮንክሪት በኋላ በኢትዮጵያ መንግሥትና በዩኔስኮ ትብብር በተካሄደ ጥገና ተነሥቶ በኖራ እንዲተካ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዱ ትውልድ በችኮላ ያደረገውን ሌላው ትውልድ በብዙ ድካምና ወጪ ሲያነሣው ማየት፣ ዛሬ እጁን በግንቡ ላይ ለሚያሳርፍ ባለሙያ ሁሉ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ለአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደሮችም ይሠራል። ብዙ ገበሬዎች ከምርታቸው ቀንሰው አዋጥተው የደብራቸውን አሮጌ ቅጥር በሲሚንቶ ያስለስናሉ። ልባቸው ቀና ነው። ግን አንዳንድ ጊዜ ለሦስት መቶ ዓመት የቆመውን ግድግዳ ለሠላሳ ዓመት ያሳጥሩታል።

ከሲሚንቶው ቀጥሎ የግንቡ ጸጥተኛ ጠላት ዘር ነው። ወፍ የበላችውን የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ በግንቡ ራስ ላይ ትጥላለች። ዘሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል የተጠራቀመ ትንሽ አፈር ካገኘ ይበቅላል። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ጣት የሚነቀል ቡቃያ ነው። በአምስተኛው ዓመት ሥሩ ኖራውን ሰንጥቆ ገብቷል፤ በሃያኛው ዓመት ነቅሎ ማውጣት ግድግዳውን ማፍረስ ይሆናል። በየዓመቱ ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለውን አጥር ያየ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ግዙፎቹ ሥሮች ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨብጠውት ይታያሉ። ለፎቶግራፍ እጅግ ያምራል፤ ሥሩም በከፊል አጥሩን ያፈርሰዋል፣ በከፊል ደግሞ ይዞ ያቆመዋል። አሁን ዛፉን ቆርጦ መጣል መፍትሔ አይሆንም፤ ሥሩ ሲበሰብስ በድንጋዩ መካከል ባዶ ይተዋልና። ቡቃያ ሳለ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ የነበረው ነገር ዛሬ ለባለሙያዎች ጭንቀት ሆኗል።

የግንቡ ዕጣ የሚወሰነው እንዲህ ባሉ ተራ በሚመስሉ ሥራዎች ነው። የጣሪያ አሸንዳ በቅጠል እንዳይደፈን መጥረግ፣ በመስከረም ዙሪያውን ዞሮ ቡቃያ መንቀል፣ የረገፈ ኖራ ያለበትን ቦታ መዝግቦ በበጋ መሙላት፣ የዝናብ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይጠራቀም ማፋሰስ። አንዳቸውም ሪባን አይቆረጥላቸውም። አንዳቸውም ዜና አይሆኑም። በጀት ሲዘጋጅም ከሁሉ በፊት የሚሰረዙት እነሱ ናቸው።

የበጀት ነገር ከተነሣ አንድ የማይታይ ችግር አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ኖራ የሚሠራበት ወቅት ደግሞ ዝናቡ ካበቃበት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ የገባ ኖራ ሳይጠነክር ሰኔ ይደርስበታል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ። በተግባር ግን በጀት እስኪለቀቅ፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ ቅሬታ ታይቶ ውል እስኪታሰር ድረስ ጥርና የካቲት ያልፋሉ። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሥራው በግንቦት ይጣደፋል። የሚቸኩል ሰው ደግሞ ቶሎ የሚደርቀውን ነገር ይመርጣል። በአሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ የሚገኘው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ግፊት ነው። ገበሬ በሐምሌ አይወቃም፤ የቅርስ ጥገናም የራሱ ወቅት እንዳለው ያወቀ የገንዘብ አሠራር ያስፈልገዋል። ለጥገና የሚመደበው ገንዘብ ከዓመት ዓመት ሊሻገር የሚችል ቢሆን፣ ከመግቢያ ትኬት የሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻም ለዓመታዊ እንክብካቤ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ትልቁ ጥገና ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ እንደገና ባላስፈለገ ነበር።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ እጅ ያስፈልጋል። የጎንደርን ግንቦች ማን ሠራቸው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የፖርቱጋል ሰዎች ናቸው የሚለው የቆየ አባባል የዘመን ስሌት አይደግፈውም፤ አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። ከዚያ አስቀድሞም አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእንፍራንዝ አቅራቢያ የጉዛራን ግንብ አሠርተው ነበር። ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ድርሻ እንደነበራቸው ይታመናል። ድንጋዩን የፈለጡት፣ እንጨቱን የጠረቡት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት የላቀ ስም ነበራቸው። የርስት መሬት የተነፈጉ ስለነበሩ ኑሯቸውን በእጅ ሥራ ላይ መሠረቱ፤ በእጅ ሥራቸው ምክንያትም ተናቁ። ግንቡን እያደነቀ ግንበኛውን ቀጥቃጭና ቡዳ ብሎ የሚያርቅ ማኅበረሰብ ዕውቀቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲያልፍ አላደረገም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ያለችውን ወለቃን የመሰሉ መንደሮች ቤታቸው ብቻ ሳይሆን ሙያቸውም ባዶ ሆነ።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ በሲሚንቶ ብሎኬት የሚደረድር ወጣት ሞልቷል። የኖራ ድንጋይ የሚለይ፣ ኖራን አብርዶ በጉድጓድ የሚያሳድር፣ ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻ እየነቀሰ ከአሮጌው ጋር የሚያገጥም ግን ጥቂት ነው። ትልቅ ጥገና ሲመጣ ሥራ ይከፈትለታል፤ ጥገናው ሲያልቅ ይበተናል። በማግስቱ የቀን ሥራ ፍለጋ የሕንፃ መሠረት ይቆፍራል። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በ2017ቱ ጥገና የተሰማሩ እጆች ሙያቸውን ሳይረሱ በጎንደር እንዲቆዩ ማድረግ ከተገነባው ግድግዳ ያላነሰ ዋጋ አለው። የከተማዋ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት የአሮጌ ግንብ ጥገናን እንደ አንድ የሙያ ዘርፍ ቢያስተምሩ፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ግንበኞች ያሉበት ቋሚ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ከግቢው ወደ ቁስቋም፣ ከቁስቋም ወደ መዋኛው እየተዘዋወረ ቢሠራ፣ ወጪው ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሥራ ደግሞ አይጠፋም። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ ስምንት ቦታዎችን አንድ ላይ ይዟል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የፋሲለደስ መዋኛ፣ ቁስቋም፣ በጣና ዳር የጎርጎራ ገዳምና ማርያም ግምብ፣ የጉዛራ ግንብም በዚያው ስም ውስጥ ናቸው። የቱሪስቱ እግርና የባለሥልጣኑ ጉብኝት የሚዘወተረው ግን በከተማዋ መሐል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ጉዛራን ከኮረብታው ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ብዙው ሳይቆም ያልፋል። ማርያም ግምብ ጣሪያውን አጥቷል፤ በገበታ ለሀገር የተሠራው የጎርጎራ ማረፊያ ወደ አካባቢው እንግዳ መሳብ ሲጀምር የፍርስራሹ ነገር አብሮ ካልታሰበ እንግዳው የሚያየው የተቆለለ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

ከከተማ ርቀው ያሉትን ግንቦች በቅርብ የሚያውቃቸው ገበሬው ነው። በዙሪያቸው ያርሳል፤ ከብቱን በጥላቸው ሥር ያሳርፋል። እንዲህ ባሉ ፍርስራሾች ላይ የሚደርሰውም የታወቀ ነው። የወደቀ ድንጋይ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ አንዱ ለአጥር፣ ሌላው ለቤት መሠረት ያነሣዋል። ሕጉ ይህን ይከለክላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስን መጠገንንም መለወጥንም አይፈቅድም። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። ከግንቡ አንድ ብር ያላገኘ ገበሬ ለግንቡ ዘብ ቁም ቢባል ፍትሐዊ አይመስለውም። ግንቡን ከቡቃያ የማጽዳት፣ ቦዩን የመጥረግ፣ እንግዳ የመቀበል ሥራ በአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ቢያዝና ክፍያው በዚያው ቢቀር ነገሩ ሌላ ይሆናል። ለገበሬው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የደብሩን ቅጥር ሲጠብቅ፣ የወል ግጦሹን ሲከልል የኖረበት አሠራር ነው።

የግንቡ ጉዳይ ለገበሬው የሩቅ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ጎንደር እንግዳ ሲበዛባት የሚሆነውን ግን የጥምቀት ሰሞን ገበያ ይናገራል። በጉና ዶሮው፣ ማሩና ቅቤው፣ ጤፉና ሽምብራው ዋጋ ያወጣል። ሆቴሉ ሲሞላ አስተናጋጁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ሸማኔው ይበላሉ። እንግዳው ሲቀርም ጉዳቱ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያለፉት ዓመታት ወረርሽኝ፣ ጦርነትና የጸጥታ መደፍረስ ይህን በግልጽ አሳይተዋል። የታደሰ ግንብ ብቻውን እንግዳ አይጠራም፤ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት። ግንቡ ተዘግቶ ወይም ተደርምሶ ቢቆይ ግን ሰላም በመጣ ዕለት እንግዳው የሚመጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ጥገናው በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ መካሄዱ አንዳንዶች እንደሚሉት ቅንጦት አልነበረም፤ ለነገ የተቀመጠ ዘር ነው። ዘር ግን ሲቀመጥ ከነቀዝ ይጠበቃል።

ቤት የሚቆየው ሰው ሲኖርበት ነው የሚለው የአገራችን እምነት በጎንደርም ይታያል። በዚያው ከተማ ያለው ራስ ግንብ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም በክፉም በደጉም ሰው ሲገለገልበት በመኖሩ ከብዙዎቹ ይልቅ ጣሪያው ተሸፍኖ ቆይቷል። በፋሲለደስ ግንብ ንጉሥ ተመልሶ አይኖርም። ስለዚህ የነዋሪውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ዝናብ ሲጥል የት እንደሚያፈስ ለማየት ፋኖስ ይዞ የሚነሣ፣ ጠዋት አሸንዳውን የሚጠርግ። ይህ ሰው በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መዋቅር ይሁን በከተማ አስተዳደሩ፣ ለግንቡ ለውጥ የለውም። በሁለቱ መካከል የማን ኃላፊነት እንደሆነ ሳይለይ ከቀረ ግን ለውጥ አለው።

ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ፣ የጎንደር ነዋሪ ወደ ግቢው ጎራ ብሎ ሦስት ነገሮችን በዓይኑ ማየት ይችላል። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያሻም። በግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የውሃ መስመር ካለ፣ አሸንዳው ተደፍኗል ማለት ነው። በመስኮቶቹ ቅስት ላይ ነጭ የጨው ዱቄት ከታየ፣ በውስጥ የታሰረ እርጥበት አለ። በማማዎቹ ራስ ላይ ቅጠል ከተንቀጠቀጠ፣ ወፏ ሥራዋን ጀምራለች፤ እሱን ለመንቀል ገና ሁለት ጣት ይበቃል።